ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ

ዛላ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለውሻ ይህ እርጅና ነው። በርበሬ በረንዳ፣ ከሐጂ ሙዘይን መጋዘን ደጃፍ፣ የታጠፈ ጆንያ ላይ ተኝታ ትውላለች። ጋሪ ገፊዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ጭራዋን ለጥቂት ሲስቱት እንኳ ዓይኗን አትገልጥም።

«ይቺ ውሻ በሕይወት አለች?» ይላል በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው።

«አርጅታ ነው እንጂ፣ ድሮ ቢሆን እስካሁን አንድ ጫማህን ወስዳብህ ነበር» ትላለች ቦሰና።

ሰውዬው ጫማውን ያያል። ቦሰና ትስቃለች። የማይቸኩል ከሆነ ታሪኩን ትነግረዋለች። በርበሬ በረንዳ የሚቸኩል ብዙ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚሰማው ግማሹን ነው። ሙሉው እንዲህ ነው።

ቦሰና ጆንያ ሰፊ ናት። በሃያ አራት ዓመቷ ከቢቸና መጥታ አውቶቡስ ተራ ስትወርድ የያዘችው አንድ ነጠላና የአንዲት ዘመዷን ስም ነበር። ዘመዷ በርበሬ ቀንጣሽ ነበረች፤ የዛላውን ጭራ እየለቀመች የምትውል። ቦሰናም ሁለት ዓመት ቀነጠሰች። ከዚያ አሸብር የሚባሉ ሽማግሌ ጆንያ ሰፊ ዓይናቸው ሲደክም መርፌያቸውን ሰጧት። «እጅሽ ቀጥ ያለ ነው» አሏት። የቅጥር ፈተናው ያ ብቻ ነበር።

ሥራው የተቀደደውን መጣፍ፣ የሞላውን አፉን መስፋትና ምልክት ማድረግ ነው። ደሴ በሚሄድ አንድ አይሱዙ ላይ የአምስት ነጋዴ ጆንያ ተቀላቅሎ ይጫናል። ስም ቢጻፍበት በዝናብ ይደበዝዛል፤ ወረቀት ቢለጠፍበት ይቀደዳል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ሥር የሚሰፋ የክር ምልክት ነበረው። የሐጂ ሙዘይን ሁለት ቀይ ስፌትና በላያቸው የሚያቋርጥ አንድ አረንጓዴ ነው። ጫኞች ምልክት ያያሉ፤ ሌላ አያዩም። ምልክት ያለው ዕቃ ባለቤት አለው። የሌለው የለውም።

ዛላ በመጣችበት ዓመት ቦሰና ያንን ምልክት መስፋት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ለራሷ ምልክት አልነበራትም፤ የምትሰፋበት ዕቃም አልነበራትም። የምትኖረው እትዬ ወርቅዬ ግቢ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። ይህን እንደ ጉዳት ስታወራ የሰማ የለም።

ዛላ የመጣችው በሀላባ በርበሬ ጭነት ውስጥ ነው። የጫኞቹ አለቃ ደምመላሽ ሸራውን ገልጦ ጆንያ ሲያወርድ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ሥር አንድ ነገር አስነጠሰ። ደምመላሽ ቆመ። እንደገና አስነጠሰ።

«ሹፌር፣ ሰው ጭነሃል እንዴ?»

ሹፌሩ ማለ፣ ተገዘተ። ጆንያው ሲነሳ ቡችላ ነች። ቀይ፣ እንደ ደረቀ የበርበሬ ዛላ ቀይ፤ ነጩ ሆዷ ላይ ብቻ። ዓይኗ ያነባል፣ ጭራዋ ይወዛወዛል።

በርበሬ በረንዳ አዲስ ሰው በማስነጠሱ ይታወቃል። የቆየ ሰው አያስነጥስም። ቦሰና ራሷ ስትመጣ ሙሉ ወር አስነጥሳለች። ስለዚህ ጫኞቹ ቡችላዋን ከበው መቁጠር ጀመሩ። ባስነጠሰች ቁጥር «ይማርሽ!» ይላሉ። አሥራ ሰባት ላይ ደከማቸው።

«ይማርሽ ስንል ልንውል ነው? ሥራ አለን» አለ ደምመላሽ። ቡችላዋን አንስቶ ቦሰና ጭን ላይ አስቀመጣት። «እትዬ ቦሰና፣ ቀዳዳ ካላት ይጣፉልኝ።»

ቀዳዳ አልነበራትም። ቦሰና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችላት። ቡችላዋ ነጠላውን ነክሳ ጎተተች። ቦሰናም መልሳ ጎተተች። እንደዚያ ተጀመረ።

በአራተኛው ቀን ዛላ ማስነጠስ አቆመች። ደምመላሽ «የአገሬው ሰው ሆናለች» ብሎ አወጀ።

ማደሪያዋ ግን አልተገኘም። እትዬ ወርቅዬ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት። «ወይ እሷ፣ ወይ አንቺ።» ሐጂ ሙዘይን ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥቡ ስልጤ ናቸው። እሳቸውም ከሦስት ቃል በላይ አላወጡም ማለት ይቻላል። «ደጅ ትሁን። መጋዘን አትግባ። እኔን አትንካ።»

ሦስተኛው ከባዱ ነበር። እርጥብ አፍንጫዋ ልብሳቸውን ከነካ ሳያጥቡት አይሰግዱበትም። ዛላ ደግሞ ከሰው ሁሉ አስበልጣ የወደደችው እሳቸውን ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት የሚሸሽ ሰው ለቡችላ የሚጫወት ይመስላት ይሆናል።

የዚያን ዓመት ነገሯን ቦሰና እስከ ዛሬ ታነሳለች። ሲባጎ ስታይ ዛላ አትችልም። ጥቅሉን ነጥቃ በሰው እግር መሃል ትሮጣለች። ስልሳ ኪሎ የተሸከመ ጫኝ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ «እትዬ ቦሰና! ታስሬያለሁ!» እያለ ይጮሃል። አንድ ጊዜ ለሰርግ በርበሬ የምታጠያይቅ ሴት ሐጂ ደጃፍ ስትደርስ ዛላ ሁለት ጊዜ ዞረቻትና ከደጃፉ አግዳሚ ወንበር ጋር አሰረቻት። ቦሰና እስክትፈታት ሴትዮዋ ዋጋ ጠየቀች፤ እስክትጨርስ ገዛች።

«ሐጂ፣ ደላላ አገኙ!» አለ ደምመላሽ።

«አልቀጠርኳትም» አሉ ሐጂ።

ሚዛንም ትወዳለች። ትልቁ ሚዛን ባዶ ከሆነ ወጥታ ትቀመጥበታለች። ጫኞቹ ቁጥሩን ያነባሉ። «ዛሬ አራት ኪሎ ከግማሽ!» በሚቀጥለው ሳምንት፦ «አምስት ከሩብ! ምን እያበሏት ነው?» ከማዶ ያሉ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የዛላን ኪሎ ይጠይቁ ነበር። የሌላ ልጅ ዕድገት በግድግዳ ላይ ይለካል፤ የእሷ በሐጂ ሚዛን ተለካ።

ከሁሉም የከፋው የጫማው ነገር ነው። ሐጂ መጋዘኑ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሲሰግዱ ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ። አንድ ቀን ሰግደው ሲወጡ ቀኙ የለም። ተፈልጎ ከአግዳሚው ሥር ተገኘ፤ ተረከዙ ታኝኳል።

ሐጂ አልተቆጡም። «ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል። አንዱ በአፈር» አሉ።

«በአፈር?» አለች ቦሰና።

«በንጹህ አፈር።»

ቦሰና አፈር ፍለጋ ወጣች። መርካቶ የሌለ ነገር የለም ይባላል። ንጹህ አፈር የለም። መሬቱ ኮብልስቶን ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ አስፋልት ነው፤ አፈር የተገኘበት ቦታ ላይ ዘይት አለ፣ በርበሬ አለ፣ ስሙ የማይጠራ ነገር አለ። ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዳ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ በሩ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጦ አየች።

«ወንድሜ፣ አንድ እፍኝ አፈር ትሰጠኛለህ?»

«ለምንሽ?»

«ለጫማ።»

ሰውዬው ጥያቄውን አላራዘመም።

ሐጂ አንድ እግራቸውን ጫማ አድርገው፣ አንዱን ባዶውን ካርቶን ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ቦሰና እየቆጠረች ታጥባለች። አንድ በአፈር። ሁለት። ሦስት። ጫኞቹ ሥራ አቁመው ቆመዋል። ሰባት ብላ ጫማውን ፀሐይ ላይ ስታስቀምጥ፣ ዛላ ከየት መጣች ሳትባል መጥታ ላሰችው።

ጫኞቹ ወደ ሐጂ ዞሩ።

ሐጂ ፂማቸውን ያዙ። ረጅም ጊዜ ያዙት። «እንደገና» አሉ።

ደምመላሽ ከፂማቸው ሥር ሳቅ አይቻለሁ ብሎ ይምላል። ቦሰና አላየችም። አፈር ፍለጋ ተመልሳ ሄዳ ነበር።

ወሬው የመጣው ዛላ ሚዛኑ ላይ አሥራ አራት ኪሎ ስትደርስ ነው። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሊሰበሰቡ ነው ተባለ። ባለቤት አለው የሚባለው ማሰሪያ ያለው፣ የተከተበና ግቢ ያለው ውሻ ነው። የሚሰበሰቡት የት እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቃል።

ቦሰና ግቢ የላትም። ማሰሪያ ግን መስፋት ትችላለች። ከጥሩ ጆንያ ቆርጣ፣ አራት አድርጋ አጥፋ፣ በዛላ አንገት ልክ ሰፋችላት። ስትጨርስ እጇ አልቆመም። ቀይ ክር አነሳ። ከዚያ አረንጓዴውን። ቦሰና በዚያ ሰዓት የምታስበው ዛላን የት እንደምታሳድር ነበር። ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ማሰሪያውን አስራላት ወደ ቤቷ ሄደች።

በነጋታው የወሩ ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመጣ የደሴው አይሱዙ ሄዷል። ዛላ የለችም።

ከአግዳሚው ሥር አየች። ሚዛኑ ላይ አየች። እስከ በረንዳው ጫፍ እየተጣራች ሄዳ ተመለሰች። ሰብስበዋታል አለች በልቧ። አንድ ቀን ዘገየሁ። ደምመላሽ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ደምመላሽ፣ ዛላን አይተሃታል?»

«አዎ፣ ጭኛታለሁ።»

«ምን አደረግካት?»

«ጫንኳት። ደሴ።» ፊቷን አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንዴ፣ እትዬ ቦሰና! የሐጂ ምልክት ተሰፍቶባት ከጆንያዎቹ አጠገብ ተኝታለች። ሐጂ እንደማይፈልጓት አገር ያውቃል። ለደሴው ደንበኛ ለጥበቃ የላኳት መሰለኝ። ምልክት ያለውን ጫን ተባልኩ፣ ጫንኩ። ዳቦ እንኳ አስይዣታለሁ።»

«የምን ምልክት? ማን ሰፋባት?»

ደምመላሽ እጇን አየ። ቦሰናም እጇን አየች።

በርበሬ በረንዳ የሰው ምልክት ሳያስፈቅዱ መስፋት ከስርቆት ይቆጠራል። በዚህ ነገር የተባረሩ ጆንያ ሰፊዎች ታውቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ሐጂን ምንም ጠይቃቸው አታውቅም፤ ብድር ቢሆን፣ ዕረፍት ቢሆን። አሁን የምትጠይቀው ውሻ ነው። ገብታ ፊታቸው ቆመች።

«ሐጂ፣ አጥፍቻለሁ።»

ቀና አሉ።

«ምልክትዎን ውሻ ላይ ሰፍቻለሁ። ልብ ሳልለው ነው። ደምመላሽ አይቶ ደሴ ጭኗታል። እባክዎ ሹፌሩ ጋ ይደውሉልኝ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ፍሬ አሳለፉ። «ስንት ጆንያ ነበር?»

«አርባ።»

«ከእሷ ጋር?»

«ያለ እሷ።»

ደወሉ። አይሠራም። እንደገና ደወሉ። «ተራራው ላይ ነው፤ አይሰማም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አሉ። ስለ ምልክቱ ቃል አልተነፈሱም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የዚያን ቀን መርፌው ሁለት ጊዜ ወጋት፤ ከተወጋች ዓመታት አልፈዋት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሐጂ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ በረንዳው ሁሉ ይሰማል። የደሴው ደንበኛ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። አርባ ጆንያ በርበሬና አንዲት ውሻ ደርሶኛል። በርበሬውን አዝዣለሁ። ውሻዋን ግን አላስታውስም።»

ጫኞቹ አፋቸውን ያዙ። ሐጂ አልሳቁም። «ወአለይኩም ሰላም። ስህተት ነው፣ ሰይድ። በተመላሽ ላካት።»

«ኧረ ሐጂ፣ ትቅርልኝ። ልጆቹ ሞተውላታል። ከትናንት ጀምሮ ግቢውን በሲባጎ አስራዋለች። ደግሞ ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ምን ትሆናለች?»

ቦሰና መርፌዋን እንደያዘች ቆመች። ደሴ ግቢ አለ። ልጆች አሉ። የሚሰበስባት የለም። ትቅር ማለት እንዳለባት ታውቃለች። አላለችም። ሐጂ አዩዋት።

«የኔ ብትሆን በሰጠሁህ» አሉ በስልኩ። «የሰው ናት። መልሳት።»

ዛላ በሦስተኛው ቀን ከምስር ጭነት ጋር መጣች። ደምመላሽ አቅፎ አወረዳት። መሬት እንደነካች አስነጠሰች። ደገመች።

«ሦስት ቀን ውጭ ውላ እንግዳ ሆነችብን!» አለ ደምመላሽ። «ይማርሽ!»

«ይማርሽ!» አለ በረንዳው።

ዛላ እያስነጠሰች በቀጥታ ወደ ሐጂ ሮጠች። ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሲሸሹ ሚዛኑ ላይ ወጡ።

«ስልሳ ሁለት ኪሎ!» አለ አንዱ ጫኝ።

ከዚያ ዞራ መጣችና የቦሰናን ነጠላ ነክሳ ጎተተች። ቦሰና ለመጀመሪያ ጊዜ መልሳ አልጎተተችም። ተወችላት።

ከሰዓት በኋላ ቦሰና ምላጭ ይዛ ዛላን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ሐጂ ከወንበራቸው።

«ምልክትዎን ልፈታው።»

«ምስሩ እየፈሰሰ ነው። ጆንያውን ጣፊ።»

ምላጩን አስቀመጠች። በነጋታውም ሌላ ሥራ መጣ። በሦስተኛውም። ምልክቱ አንገቷ ላይ እንዳለ ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ ውሻ ሰብሳቢዎቹ መጡ። ሦስት ሰው፣ አንድ ፒካፕ፣ ጫፉ ላይ የገመድ ቀለበት ያለው ረጅም ዘንግ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰዎች ነበሩ። ዛላ ገመድ ስታይ ሲባጎ መሰላት። ራሷ ሮጣ ሄዳ ነከሰችው።

«የማን ናት?» አለ ወረቀት የያዘው።

«የኔ» አለች ቦሰና።

«ግቢ አለሽ?»

ቦሰና ሄዳ የዛላን ማሰሪያ ያዘች።

«የክትባት ወረቀት?»

«አስከትባታለሁ።»

«እናቴ፣ ግቢ የሌለው ውሻ ባለቤት የለውም ነው የተባልነው። አትፍረጂብኝ።» ለባለ ዘንጉ ጓደኛው ራሱን ነቀነቀለት። ቀለበቱ በዛላ ራስ ላይ ገባ። ጭራዋ አሁንም ይወዛወዛል።

«ተው።»

ሐጂ ከወንበራቸው ተነስተዋል። ከዘራቸውን ይዘው ወደ ዛላ ቀረቡ፤ ከዚያ በፊት በፈቃዳቸው ያን ያህል ቀርበዋት አያውቁም።

«የኔ ናት» አሉ።

ሰውዬው ነጭ ኮፍያቸውን አየ፣ ፂማቸውን አየ። «ሐጂ፣ እርስዎ ውሻ አለዎት?»

«ማሰሪያዋን አንብብ።»

«ጽሑፍ የለውም እኮ።»

«ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ።» በከዘራቸው ጫፍ መጋዘኑ ውስጥ የተደረደሩትን ጆንያዎች አሳዩት። «ያንን እይ። ያንንም እይ። በርበሬ በረንዳ ይህን ምልክት የማያውቅ ካለ ጥራልኝ። ለጥበቃ ነው የያዝኳት፤ ለጥበቃ በሃይማኖታችንም ይፈቀዳል። የምታድረው እዚህ ነው። ሰኞ ትከተባለች። ሌላ ጥያቄ አለህ?»

ሰውዬው ጠባቂዋን አየ። ጠባቂዋ ዘንጉን ታኝካለች። ዓይኑን ወደ ደምመላሽ አዞረ።

«ደሴ ድረስ የታወቀች ናት» አለ ደምመላሽ።

ቀለበቱ ወጣ። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ተጻፈ። ፒካፑ ሄደ።

ቦሰና ቆማ ቀረች። «ሐጂ…» ብላ ጀመረች።

«ምልክቴ ስለሆነ ነው» አሉ ሐጂ። «ውሻዋ ያንቺ ናት።» ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ዛላ ተከተለቻቸው፤ ጀለቢያቸውን ሰበሰቡ። «ማታ ወደ ውስጥ አስገቢያት። ጠባቂ ደጅ አያድርም። እኔን ብቻ አትንካኝ።»

ሰኞ ደምመላሽና ቦሰና አስከተቧት። ቦሰና ያን ወረቀት ዛሬም ከመታወቂያዋ ጋር አንድ ላይ ትይዘዋለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ጆንያው ቀርቶ ማዳበሪያ የሚባለው የፕላስቲክ ከረጢት መጣ፤ ክሩ ቀርቶ ምልክት በቀለም ይታተማል። ቦሰና አሁን አፉን ብቻ ነው የምትሰፋው። የክር ምልክት ሊቀር ነው ሲባል አንድ ጥቅል ቀይና አንድ ጥቅል አረንጓዴ ገዝታ አስቀመጠች። የዛላ ማሰሪያ አራት ጊዜ አልቋል፤ አራት ጊዜ ሰፍታዋለች። የሐጂ ሙዘይን የክር ምልክት ዛሬ ያለው ዛላ አንገት ላይ ብቻ ነው።

ሐጂም አርጅተዋል። ንግዱን ልጃቸው ይዞታል፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ከዙሁር በኋላ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ። ዛላ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ታንቀላፋለች። ሁለቱም ጋሪ አይሰሙም። ሲነሱ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ያልፏታል። ዛላ አሁን ቀና ብላ አታያቸውም፤ እሳቸው ግን ዛሬም ይሰበስባሉ።

ባለፈው ሳምንት ሲያልፉ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸውን አጥብበው አንገቷን አዩ።

«ቦሰና።»

«አቤት፣ ሐጂ።»

«ቀዩ ላልቷል። ዕቃው ይጠፋብናል።»

ቦሰና መርፌዋን አነሳች።